ማን ገጠመው?

ድምፁ ሰሞኑን ተመለሰ። «ኳ!»

ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ሲቀየር አንዴ «ኳ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። እኛም እንደ ደንቡ ሬዲዮውን ከፍ አደረግን። (ለሚንኳኳ መኪና የአገራችን የመጀመሪያ ሕክምና ሬዲዮ ከፍ ማድረግ አይደል?) በሁለተኛው ቀን ግን ከመሀላችን አንዱ «ኧረ ይሄን ድምፅ እኮ እናውቀዋለን!» አለ። እውነትም እናውቀዋለን። በጥር 2011 ዓ.ም. ጋይንት ገደል አፋፍ ላይ ሊጨርሰን የነበረው ድምፅ ነው።

መኪናውን እናስተዋውቃችሁ። ቶዮታ ኮሮላ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ዲኤክስ» የሚለው። የአንዳችን አባት ንብረት ነው፤ በዕድሜ አራታችንንም ይበልጠናል። ስንወለድ ነበረ፣ ስንመረቅ ነበረ፣ እግዜር ካለ ስናገባም ይኖራል። በዚህ መኪና ማንም እንዲስቅብን አንፈቅድም። የዛሬው ጽሑፋችንም አሮጌ መኪና ለመስደብ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። እኛ የምንለው እንዲህ ነው፦ እርጅና ብቻውን ሰው አይገድልም። ሰው የሚገድለው ማን እንደገጠመው፣ ማን እንደሸጠው፣ ማን እንዳየው የማይታወቅ ዕቃ ነው። ይሄን ለማስረዳት ግን መጀመሪያ ከመኪናው ሥር እንግባ።

ክሮቼራ ምንድን ነው?

(የምታውቁ ዝለሉት። እኛ ግን እስከ ጥር 2011 አናውቅም ነበር፤ አናፍርም።)

ዲኤክስ ሞተሩ ፊት ነው፣ መኪናውን የሚገፋው ጎማ ግን የኋላው ነው። የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮ ተቀብሎ ወደ ኋላ የሚያደርስ አንድ ረጅም ዘንግ ከወለሉ ሥር አለ። ጋራዥ ውስጥ ትራስሚሽን ይሉታል። የኋላው ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ይወርዳል፣ ድንጋይ ሲወጣ ይነሣል። ዘንጉ ደረቅ ብቻ ቢሆን በመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰበር ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ጫፉ እንደ ሰው አንጓ የሚተጣጠፍ ነገር ይደረግለታል። ያ ነው ክሮቼራ።

ቃሉ ጣልያንኛ ነው፤ ዕቃው የመስቀል ቅርጽ ስላለው ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መሬቱን ለቀቀ እንጂ ጋራዡን አልለቀቀም፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ... ሁሉም የእሱ ቃል ነው። ክሮቼራ አራት ክንድ ያላት ትንሽ የብረት መስቀል ናት፤ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች። እያንዳንዱ ክንድ ላይ ቆብ ይደፋል። ቆቡ ውስጥ መርፌ የሚያካክሉ ቀጫጭን ብረቶች በግሪስ ተነክረው ዙሪያውን ተደርድረዋል። መርፌዎቹ ስለሚሽከረከሩ ብረት ብረትን አይበላም።

ግሪሱ ሲደርቅ ወይም ውሃና አቧራ ሲገባ ግን ታሪኩ ይለወጣል። መጀመሪያ እንደ ወፍ «ሲጥ ሲጥ» ይላል። ቀጥሎ መርፌዎቹ ክንዱን ይቦረቡሩትና ክፍተት ይፈጠራል። ማርሽ ሲቀየር የምትሰሙት «ኳ» የዚያ ክፍተት ድምፅ ነው። ከዚያ ደግሞ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በቆቡ ዙሪያ ቀይ ዱቄት ካያችሁ መርፌዎቹ ዝገው እየተፈጩ ነው ማለት ነው።

«እኛ ዲኤክስ የለንም» የምትሉ አትቸኩሉ። በየቀኑ የምትሳፈሩበት ሚኒባስ አለው፣ ኢሱዙው አለው፣ አገር አቋራጭ አውቶቡሱ አለው። ቪትዝ ብትነዱ ደግሞ ክሮቼራ ባይኖራችሁም የክሮቼራ ዘመድ አላችሁ። ሞተሩም የሚገፋው ጎማም ፊት ስለሆነ በሁለቱ የፊት ዘንጎች ጫፍ ላይ ሲቪ ጆይንት የሚባል አንጓ አለ፤ ግሪሱን የሚይዝለት የላስቲክ ሽፋን ነው። ላስቲኩ ሲቀደድ አቧራ ይገባል። ከዚያ መሪ እስከ ጥግ ጠምዝዛችሁ ስትታጠፉ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ያኔ እናንተም ሬዲዮ ከፍ ታደርጋላችሁ።

ገደሉ

አሁን ወደ ጥር 2011። አራት ሆነን ቤተ ልሔምን ለማየት ተነሣን። የቱን ቤተ ልሔም? ጋይንት ያለውን፤ የድጓ አገር የሚባለውን። ከመነሣታችን በፊት «ኳ» የሚለውን ድምፅ ስለሰማን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ወሰድነው (ስሙን አንጠራም)። «ክሮቼራ ነው» አሉን። አንድ ሱቅ ሄደን (የእሱንም አንጠራም) ገዛን። ሻጩን «ኦሪጅናል ነው?» አልነው፤ «ኦሪጅናል ነው» አለን። ካርቶኑ ያማረ ነው፤ ጽሑፍ አለው፣ የሚያብለጨልጭ ማኅተም አለው። ዋጋው አንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን አይሞላም ነበር። አምስት የሚሆኑ ልጆች መኪናው ሥር ገቡ፣ ወጡ፣ ተቀየረ ተባለ። አሮጌውን ክሮቼራ አባቱ ባያስጠነቅቁን ኖሮ እዚያው ጥለነው እንመጣ ነበር። «የወጣውን ዕቃ ሳትይዙ እንዳትመጡ» ብለውን ስለነበር በጋዜጣ ጠቅልለን ኮፈኑ ውስጥ ጣልነው። ቦሎም ነበረን፤ የዓመቱ ምርመራ አልፏል። መርማሪው መብራቱን አየ፣ የእሳት ማጥፊያውን አየ፣ ሦስት ማዕዘኑን አየ። ከሥር ግን ማንም አልገባም።

ባሕር ዳር ደረስን፣ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጠፍን፣ ደብረ ታቦርን አለፍን። ከወረታ ወልዲያ የሚዘልቀው ይህ መንገድ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት ነው፤ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ጉናን በጎን እያዩ፣ ዳገት እየጨረሱ ሌላ ዳገት የሚጀምሩበት አገር ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል።

«ሲጥ ሲጥ» የሚለው ድምፅ ከጋሳይ በኋላ ጀመረ። ወፍ መሰለን፤ ከምራችን ነው! ነፋስ መውጫ ልንደርስ ስንል ወለሉ እግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። መንጃውን የያዘው ጓደኛችን ፊቱ አመድ መሰለ። እየተሳብን ከተማ ገባን።

ያኔ ያላወቅነውን ዛሬ እንንገራችሁ። በተራራ ቁልቁለት ላይ ሹፌር ፍሬን ብቻ አይዝም። ማርሽ አሳንሶ፣ ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ እንዲጎትተው አድርጎ ነው የሚወርደው። ያለዚያ ፍሬኑ ይግልና መያዙን ይተዋል። ሞተሩና ጎማው የሚገናኙት ግን በዚያች ዘንግ ብቻ ነው። ክሮቼራዋ ስትበጠስ ሞተሩ ከጎማው ይለያያል፤ ማርሽ ያዝክ አልያዝክ ለውጥ የለውም። ብዙ ትናንሽ ኢሱዙዎች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ከካምቢዮው ጀርባ ሆኖ የሚይዘው ዘንጉን ነው። ዘንጉ ከሄደ እሱም ሄደ። የሚቀረው የእግር ፍሬን ነው። የተበጠሰው ዘንግ በደቂቃ እስከ 3,000 ጊዜ እየተሽከረከረ ወለሉን ሲደበድብ የፍሬኑን ቧንቧ ከመታው ያም ይሄዳል። የፊተኛው ጫፍ ከተለቀቀ ደግሞ መሬት ላይ ይወድቅና አስፋልት ይወጋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው መዳፍ በማትሞላ ብረት ነው።

«ማን ነው የገጠመላችሁ?»

ነፋስ መውጫ አንድ መካኒክ አገኘን። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ቱታቸው ከቀለሙ ዘይቱ የሚበዛ። ረዳታቸው «አያ» ይላቸዋል፤ እኛ «ጋሼ» አልናቸው። ከመኪናው በፊት ፊታችንን አዩ። ከዚያ ለጎማው ታኮ አደረጉ፣ ማርሹን አላቀቁ፣ ከሥር ገብተው ዘንጉን በእጃቸው ይዘው ግራ ቀኝ ጠመዘዙት። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ወጥተው ጠየቁን፦

«ማን ነው የገጠመላችሁ?»

ተያየን። ማን ነው የገጠመልን? አምስት ልጆች ነበሩ። የአንዱንም ስም አናውቅም። ደረሰኝ የለንም። ሱቁም ቢሆን «ኦሪጅናል» ከማለት በቀር ምንም አልጻፈልንም።

«አናውቅም ጋሼ።»

«አይ ልጆች» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ዘንጉን ሲያወርዱ ቆመን አየን። ከማውረዳቸው በፊት ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚጋጠምበት ላይ በመዶሻና በሹል ብረት ምልክት አደረጉ፤ ሲመለስ በነበረበት አቅጣጫ ካልገባ ሌላ ንዝረት ያመጣል። አራቱን ብሎን ፈቱ፣ ሳቡት። ቆቦቹን የሚይዙትን ቀለበቶች በፒንሳ አወጡ፣ ሞርሳ ላይ አስረው አንዱን ቆብ ገፍተው በሌላው በኩል አስወጡ። የአዲስ አበባዋን «ኦሪጅናል» ክሮቼራ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩን። ክንዱ ላይ መርፌዎቹ ቦይ ቦይ ቆፍረዋል። ግሪስ የሚባል አልነካትም። መርፌዎቹ ግማሾቹ ቀይ ዱቄት ሆነዋል። ከ700 ኪሎ ሜትር ብዙም አልራቀችም!

ለዲኤክስ የሚሆን ክሮቼራ ከተማው ውስጥ ተፈልጎ ጠፋ። ያኔ ነው የአባትየው ምክር ያዳነን። በጋዜጣ የጠቀለልነውን አሮጌውን አወጣንላቸው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉት፣ አጠቡት፣ በጥፍራቸው ዳሰሱት። «ይኼ ይሻላል» አሉ። ከዚያ የማንረሳውን ነገር አደረጉ፦ አሮጌውን መስቀል በፊት ከነበረበት ሩብ ዙር አዙረው ገጠሙት። ለምን ብለን ጠየቅናቸው። ጉልበቱ የክንዱን አንድ ጎን ብቻ ነው የሚበላው፤ ሩብ ሲዞር ያልተበላው ጎን ሸክሙን ይይዛል። ግሪስ ሞሉት፣ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ቆጥረው አስገቡ፣ ቀለበቶቹ ቦታቸው መግባታቸውን አረጋገጡ፣ በእጃቸው አጣጥፈው ሳይደርቅ ሳይላላ መታጠፉን አዩ።

ገንዘቡን ሲቀበሉ እንዲህ አሉን፦ «ይኼ ለመንገድ ነው፤ ጨርሶ የዳነ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳር ስትመለሱ ደኅናውን ቀይሩ። ማን ገጠመው ካሏችሁ እኔ ነኝ በሉ።» ስማቸውን ነገሩን፣ ስልካቸውን ሰጡን።

«እኔ ነኝ በሉ።» በሕይወታችን አንድም ጋራዥ እንዲህ ብሎን አያውቅም።

ቤተ ልሔም

አርብ ገበያ ደርሰን መኪናውን አቆምንና ቤተ ልሔም ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ ክብ ነው፤ ውስጡ ግን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ አቅፎ ይዟል። ያንን ለማየት ነበር የሄድነው። የማረከን ግን ድምፁ ሆነ። የቅዱስ ያሬድ ድጓ የሚመሰከርበት ቦታ ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ለሚማር ዙር አምባ እንዳለ ሁሉ፣ ለድጓ ተማሪ የመጨረሻው ደጅ ቤተ ልሔም ነው።

አንድ ተማሪ አጫወተን። ድጓ ዓመታት ይፈጃል። ተማሪው መጽሐፉን ራሱ በእጁ ይጽፋል፤ ከፊደሉ በላይ ያሉትን የዜማ ምልክቶች ሳይቀር። የትም አገር ቢማር፣ መምህሩ የቱንም ያህል ቢያደንቁት፣ ተነሥቶ ቤተ ልሔም ይመጣል። የኔታ ፊት ያዜማል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ የተሳሳተች ድምፅ ስትመጣ ያስቆሙታል፣ ይመለሳል። ሲጨርስ ይመሰከርለታል። ከዚያ በኋላ በየደብሩ «የማን ተማሪ ነህ? የት ተመሰከርክ?» ሲባል መልስ አለው። ስሙ ከመምህሩ ስም ጋር ታስሯል። እሱ ቢያጠፋ መምህሩ ያፍራሉ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ማንም አላወራም። ሬዲዮም አልተከፈተም። አራታችንም የምናስበው አንድ ነበር፦ ነፋስ መውጫ የተጠየቅነው ጥያቄና ቤተ ልሔም የሚጠየቀው ጥያቄ ያው ነው። ማን ገጠመው? የማን ተማሪ ነህ?

አንድ ድምፅ ብትዛባ ማንም በማይሞትበት ዜማ ይህ ሁሉ ምስክር ቆሞለታል። አንዲት ክሮቼራ ብትዛባ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ገደል በሚገባበት ሥራ ላይ ግን ምስክር የሚባል የለም!

መልስ የሚሉን መልሶች

ይሄን ስንናገር የሚመጡብንን መልሶች እናውቃቸዋለን፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፦ «አደጋ የሚያደርሰው ሹፌር ነው።» በ2010 ዓ.ም. አካባቢ ፖሊስ የመዘገበው ብቻ በዓመት ከ4,000 በላይ ሰው በመንገድ ላይ አልቋል። መዝገቡም በአብዛኛው «የአሽከርካሪ ጥፋት» ይላል። ሹፌሮቻችን ቅዱሳን ናቸው አንልም፤ እናውቃቸዋለን። ግን እንጠይቅ፦ ገደል የገባ መኪና ሥር ገብቶ ዘንጉን የጠመዘዘ ማን ነው? ከቁልቁለት ሥር የተጨፈለቀ ብረት ክምር ሲታይ «በፍጥነት ሲያሽከረክር» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ማርሽ ይዞ እየወረደ ማርሹ የከዳው ሹፌር ምስክርነቱን ይዞ ተቀበረ። ያልተፈለገ ነገር ደግሞ አይገኝም።

ሁለተኛ፦ «መንግሥት አሮጌ መኪና እየከለከለ ነው፤ ችግሩ ይጠፋል።» በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐሳቡን አንጠላውም። ግን አስተውሉ፤ አዋጁ የሚመለከተው ገና ሊገባ ያለውን መኪና ነው። እዚህ ያለውስ? አዲሱ ሲወደድ አሮጌው አይጣልም፤ ይጠገናል፣ እንደገና ይጠገናል። አዋጁ አሮጌውን መኪና ከመንገድ አላወጣውም፤ ይልቅ ጡረታውን አራዘመው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የውጭ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ፤ ክሮቼራም የውጭ ዕቃ ናት። ደኅናው ሲወደድ ያማረ ካርቶን ያለው ውሸታም ገበያ ያገኛል። በአጭሩ ዕድሜ ይቀረጣል፤ ቸልተኝነት ግን ከቀረጥ ነፃ ነው።

«ኤሌክትሪክ መኪና ክሮቼራ የለውም» የሚል ብልጥም አይጠፋም። እውነት ነው፣ የቤት መኪናው የለውም። ሞተሩ ግን ጉልበቱን ወደ ጎማ የሚያደርሰው በአየር አይደለም። ዘንግ አለው፣ በጫፉ ሲቪ ጆይንት አለው፣ ላስቲክ አለው። ላስቲኩ ሲቀደድ ያው «ቀጭ ቀጭ» ነው። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው ምናልባት ጥሩ ትሰሙት ይሆናል፤ እሱ እንኳ አንድ ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ «መካኒክማ ሲኦሲ ይፈተናል።» አዎ፣ የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ደንቡም ከኮሌጅ የወጣውን ብቻ ሳይሆን በልምድ የተማረውንም ይመዝናል። ጥሩ ደንብ ነው። ግን ወረቀቱ ያለው አንድ ሰው፣ መኪናው ሥር የሚገባው ሌላ ሰው ከሆነ ምን ዋጋ አለው? መኪናችሁን ስታስገቡ «ማነው የሚሠራው? ወረቀቱን ልየው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛም አናውቅም። ብንል ይስቁብናል።

አራተኛ፣ ከሁሉም የሚከብደው፦ «ድሃ ነን።» ይሄን መልስ እናከብራለን፤ ግን አንቀበለውም። የነፋስ መውጫው ሰውዬ ከእኛ የተሻለ መሣሪያ አልነበራቸውም። ሞርሳ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ግሪስ፤ በቃ። ዕቃም አልነበራቸውም፤ የሠሩት በተጣለ አሮጌ ብረት ነው። የነበራቸው ሦስት ነገር ነው፦ ጆሮ፣ እጅ፣ «እኔ ነኝ» የሚል አፍ። «እኔ ነኝ» ለማለት የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም።

ስለ እጅ ሥራ ያለን አመል

ነገሩ ከጋራዥ ይጠልቃል። ቸርችል ጎዳና ስትወርዱ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን ምስል አይታችኋል። መድፉ የተሠራው ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት በጋይንት አድርገው፣ መንገድ እያስቆረጡ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ መቅደላ አደረሱት። ዲኤክሳችን የተንቀጠቀጠበት አገር ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ያ ሁሉ ክብደት በእንጨት ጋሪ ላይ፣ በጎማና በዘንግ ላይ ነበር። የመድፉን ስም ሁላችንም እናውቃለን። የጋፋት አውሮፓውያን ስምም ተጽፏል። ዘንጉን ሲፈተሽ፣ ሲደገፍ፣ ሲጎትት የነበረው የአገሬ ሰው ግን ስሙ የት አለ?

የለም። ምክንያቱም ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው ስም መጥራት ሳይሆን ስም ማውጣት ነው የምናውቀው። «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ «ቡዳ»። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ከአፋችን ቀንሷል፤ ከልባችን ግን አልወጣም። ልጃችን ትምህርት ሲከብደው «ጋራዥ እንክተተው» እንላለን። ጋራዡን የደካሞች መጣያ አድርገን ስናበቃ፣ ነፍሳችንን ተሸክመን ሄደን ለእነሱ እንሰጣለን። የድጓ ተማሪና የጋራዥ ልጅ አመጣጣቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከመምህር እግር ሥር፣ በጆሮና በዓይን፣ እየተቆጡ ይማራሉ። ልዩነቱ መጨረሻው ነው። አንዱ ሲጨርስ የሚመሰክርለት ቤት አለው። ሌላው መቼ እንደጨረሰ እንኳን የሚነግረው የለም።

ታዲያ ምን ይሁን?

ጩኸት ብቻ አይደለም ያመጣነው። አራት ነገር እንላለን፤ አራቱም ርካሽ ናቸው።

ለምርመራ ጣቢያዎች፦ ከሥር ግቡ። ጎማውን በታኮ ያዙ፣ ማርሹን አላቁ፣ ዘንጉን በእጅ ጠምዝዙ። አንድ ደቂቃ ነው፤ በዓይናችን ስላየን አትከራከሩን። የፊት መንጃ ከሆነ ላስቲኩን እዩ። ከዚያ ያየው ሰው ስሙን ይጻፍ። የድርጅቱ ማኅተም ሰው አይደለም፤ አያፍርም።

ለጋራዦች፦ የገጠመው ሰው ስም፣ የገባው ዕቃ፣ የዕለቱ ኪሎ ሜትር በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ይሰጠን። የወጣውም ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ጎበዝ መካኒክ ከዚህ ምን ያጣል? ስሙ በየመኪናው ሊብሬ ውስጥ ተቀምጦ ደንበኛ ይጠራለታል። የሚጎዳው ስሙን መጻፍ የማይደፍረው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ይጎዳ።

ለሻጮች፦ ርካሹን ሽጡ፤ ኮፒም ሽጡ። ኪሳችንን ታውቁታላችሁ። ግን ደረሰኙ ላይ ኮፒ ነው ብላችሁ ጻፉ። ለከተማ መንገድ በርካሽ የሚገዛ ይግዛ፤ ጋይንት የሚወርድ ግን ምን ይዞ እንደሚወርድ ይወቅ። «ኦሪጅናል» ብሎ መማል ንግድ አይደለም።

ለራሳችን፦ ሬዲዮውን እንዝጋ። ይሄ ለእኛ ነው፤ ማንንም አናመካኝም። ያ «ኳ» በጥር 2011 ከመንገዳችን በፊት ስንት ሳምንት ሲጠራን ነበር? ጋራዥ ስንሄድም «ቶሎ ጨርሱልን» አልን እንጂ «ማን ነህ? ከማን ተማርክ?» አላልንም። ሐሰተኛ ዕቃ ገበያ ያገኘው ጠያቂ ስለሌለ ነው። ወያላው እንኳ «ሂሳብ» ሲል መልሳችንን ቆጥረን እንቀበላለን፤ ነፍሳችንን ግን ሳንቆጥር እንሰጣለን።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ የጋይንት መንገድ ብዙ አይቷል። በነሐሴ 2013 ጦርነት ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ዕቃ አይገባም፤ ዕቃ ካልገባ የተጣለው ብረት ሩብ ዙር እየተዞረ ይገጠማል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚተማመነው በዕቃው ሳይሆን በገጠመው እጅ ነው። እዚያ ስንት ሰው በእኚያ መካኒክ እጅ ታምኖ ቁልቁለት እንደወረደ ስናስብ፣ እዚህ በሞላ ከተማ ማን እንደገጠመልን ሳናውቅ መንዳታችን ያሳፍረናል።

እና ሰሞኑን የተመለሰው ድምፅስ? መኪናውን ወሰድነው። ጋራዡ ውስጥ አንድ ልጅ፣ ከእኛ የሚያንስ፣ ከሥር ገብቶ ወጣና «ክሮቼራ ነው» አለ። ገዛን፤ ሻጩን ደረሰኙ ላይ የምን ሥሪት እንደሆነ አስጻፍነው፤ ተነጫነጨ፣ ጻፈ። ልጁ ገጠመው። ግሪስ መሙላቱን፣ ምልክት ማድረጉን ቆመን አየን። ሲጨርስ «ስምህን ጻፍልን» አልነው። ደነገጠ፤ የምንከሰው መሰለው። «አይደለም፤ ማን ገጠመው ሲሉን እንድንናገር ነው» አልነው።

እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ እስክሪብቶውን ተቀበለን፣ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ። ከዚያ ምንም ሳንለው ተመልሶ ከሥር ገባና ብሎኖቹን እንደገና አጠበቃቸው።